ለቤተ መጻሕፍታችን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

(በማኅበሩ አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲያመች በመጠኑ ተስተካክሎ ቀርቧል።)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ማኅበራችን ለትንሿ ቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሊመርጥ ነው። «እኛ ገና ኡልፓን መጀመራችን ነው፤ ቋሚ ቤት አላገኘንም፤ ሥራ አልያዝንም፤ ይህ ነገር እኛን ምን ያገባናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን ግን ከስም ልጀምር።

በአገራችን ደንብ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የአባቱ ስም ይከተላል፤ ካስፈለገም የአያቱ ይጨመራል። እዚህ ግን ቅጹ «ሼም ሚሽፓሃ»፣ ማለትም የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥን አለው። ሣጥኑ ባዶ እንዲቀር አይፈቀድም። ስለዚህ አንዳንዱ በአባቱ፣ አንዳንዱ በአያቱ ስም ተመዝግቧል። የአንድ እናት ልጆች ሆነው በወረቀት ላይ ባዕድ የሚመስሉ ወንድማማቾች አሉ። እኔም ራሴ እንደመጣሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ በአያቴ ስም ደጋግመው ሲጠሩኝ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ተራዬም አለፈኝ።

ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። የእኛን የስም አወጣጥ ስላላወቀ ነው። የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራምም ብዙ ሣጥኖች ያሉት ቅጽ ነው። ሣጥኖቹን ሳናይ የመረጥነው እንደሆነ፣ በእኛ ላይ የደረሰው በመጻሕፍታችንም ላይ ይደርሳል። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፦ የአባታችንን ስም በትክክል የማይጽፍ፣ የሰጠነውንም ዝርዝር መልሶ የማይሰጠን ፕሮግራም፣ በነጻ እንኳ ቢሰጠን ውድ ነው።

በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ልግለጽ። ሥራው አራት ነው። መጻሕፍቱን ይመዘግባል። አንባቢ ሲጠይቅ ፈልጎ ያገኛል። ማን ምን እንደ ወሰደ ይይዛል። የመመለሻው ቀን ሲደርስም ያስታውሳል። በደብተርም ቢሆን ይህ ሥራ ይሠራል። ጥቂት መቶ መጻሕፍት ብቻ ያለው ሰው ደብተር ቢበቃው ሊያፍር አይገባም። እኛ ግን በአማርኛ፣ በትግርኛና በዕብራይስጥ የተጻፉ መጻሕፍት አሉን። አንባቢው ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ነው። ደብተሩ አልበቃ ብሎናል።

ታዲያ ሻጭ ወይም ባለሙያ ፕሮግራሙን ሊያሳየን ሲመጣ ምን እንጠይቀው?

አንደኛ፣ ስለ ስም እንጠይቅ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በእኛ ደንብ የሚፈለጉት በ«ሀ» ሥር፣ ሀዲስ ተብለው ነው። የቤተሰብ ስም ካልተጻፈልኝ አልቀበልም የሚል ፕሮግራም ግን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ በአባታቸው ስም ይመዘግባቸዋል። የአገራችን አንባቢ ሀዲስን ፈልጎ ያጣቸዋል። ለዚህ መፍትሔው ከጥንት የታወቀ ነው። በዓለም ያሉ ቤተ መጻሕፍት «ማርክ» በሚባል የጋራ የአመዘጋገብ ሥርዓት ይጠቀማሉ። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ሄንሪየት አቭራም በተባሉ ሴት መሪነት የተዘጋጀ ነው። በማርክ 21 የደራሲው ስም የሚገባበት ቦታ ቁጥሩ 100 ነው፤ የመጽሐፉ ርእስ 245 ነው። በ100 ላይ «ይህ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው» ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻላል። እንግዲህ ሻጩን «በማርክ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትልቅ ጥያቄ ጠየቃችሁ ማለት ነው።

ለአባላት ምዝገባም እንዲሁ ነው። አባትና ልጅ በተለያየ የቤተሰብ ስም ቢመዘገቡም፣ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ማያያዝ የሚቻል መሆን አለበት። አለበለዚያ የመመለሻ ማስታወሻ ለማይመለከተው ቤት ይላካል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊደል እንጠይቅ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ንባብ ክፍል በበጎ ፈቃድ አገለግል ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ የአማርኛ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒዩተር ስናስገባ ከረምን። አንድ ሽማግሌ አባት ከሰዓት በኋላ እየመጡ ርእሱንና የደራሲውን ስም ጮክ ብለው ያነቡልኝ ነበር፤ እኔ እጽፋለሁ። በዚያን ጊዜ የአማርኛ ፊደል ማተሚያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። በመስታወቱ ላይ «ሀ» ሆኖ የሚታየው፣ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የላቲን ፊደል ወይም ሌላ ምልክት ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ አዲስ ተገዛ። ዝርዝሩን ብንከፍተው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ወጣ። ፊደሉን የሸጠልን ሰው ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ሽማግሌው መስታወቱን ረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ታዲያ ያ ሁሉ ስም የት ሄደ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ዛሬ ለዚህ መድኃኒት አለው። «ዩኒኮድ» የሚባል፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት አለ። ዕብራይስጥ ከመጀመሪያው፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውስጡ አለ። የእኛ ፊደል የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በሦስተኛው እትም ነው። ፕሮግራሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዩኒኮድ የሚሠራ ከሆነ፣ ዛሬ የጻፍነው «ሀ» በሌላ ኮምፒዩተርም «ሀ» ሆኖ ይነበባል።

ይሁን እንጂ ፊደሉን ማሳየት ብቻ አይበቃም፤ ፈልጎ ማግኘትም አለበት። እንደምታውቁት ሀ፣ ሐ እና ኀ በአነጋገራችን አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ጸሀይ»። ፕሮግራሙ እነዚህን እንደተለያዩ ቃላት ካያቸው፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ «የለም» ይለናል። ደግሞም በቀድሞ መጻሕፍት በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ አለ። ሁለት ነጥብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ፕሮግራም ሙሉውን ርእስ እንደ አንድ ረጅም ቃል ይቆጥረዋል። እንዲሁም ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ፣ ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገናኙ ቁጥሩና ቅንፉ ቦታውን ይስታል። ይህን ሁሉ ሻጩ በቃል ሳይሆን በዓይናችን እንዲያሳየን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዘመን አቆጣጠር እንጠይቅ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በአውሮፓውያን ሲቆጠር 1965 ወይም 1966 ይሆናል። በዕብራውያን አቆጣጠር ደግሞ 5726 ነው። እዚህ ያደገ ልጅ 1958 የሚለውን ካየ መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በጥሩ ፕሮግራም በመጽሐፉ ላይ የታተመው ዓመት እንዳለ ይጻፋል፤ ለመደርደሪያና ለፍለጋ የሚያገለግለው ዓመት ደግሞ ለብቻው ይገባል።

አራተኛ፣ ስለ መውጫ እንጠይቅ። ሰው ቤት ሲከራይ በሩ እንዴት እንደሚከፈት ብቻ ሳይሆን፣ ሲለቅ ዕቃውን ይዞ መውጣት እንዲችልም ይዋዋላል። «ነገ ሌላ ፕሮግራም ብንመርጥ ዝርዝራችንን በሙሉ በማርክ ፋይል አውጥታችሁ ትሰጡናላችሁ? በስንት ዋጋ? በስንት ቀን?» ብለን በጽሑፍ እናስፈርም።

አሁን በገበያ ላይ ምን ምን እንዳለ እንመልከት። ፕሮግራሞች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ዝግ ነው፤ ሌላው ክፍት ምንጭ፣ በእንግሊዝኛው ኦፕን ሶርስ ይባላል። ልዩነቱን በእንጀራ ላስረዳ። ዝግ ፕሮግራም ከሱቅ እንደሚገዛ እንጀራ ነው። ተጋግሮ ይመጣል፤ ድካም ይቀንሳል። ነገር ግን እንዴት እንደተቦካ አይነገራችሁም። ባለሱቁ ዋጋ ቢጨምር ትከፍላላችሁ፤ ቢዘጋ ጾማችሁን ታድራላችሁ። ክፍት ምንጭ ግን ጎረቤት የምትሰጣችሁ እርሾ ነው። እርሾውን በነጻ ትሰጣችኋለች፤ አቦካኩንም ታሳያችኋለች። እናንተም በተራችሁ ለሌላ ትሰጣላችሁ። ይሁን እንጂ ዱቄቱ፣ ምጣዱና ጉልበቱ የእናንተ ነው።

ከዝጎቹ መካከል በዚህ አገር የተወለደ አንድ አለ፤ ስሙ አሌፍ ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ ዕብራይስጥንም ላቲንንም በአንድነት እንዲይዝ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በኋላ ኤክስ ሊብሪስ የተባለ ኩባንያ ወደ ብዙ አገሮች አሠራጨው። ኩባንያው በ2015 እ.ኤ.አ. ፕሮክዌስት በተባለ የአሜሪካ ድርጅት ተገዛ፤ ፕሮክዌስትም በ2021 እ.ኤ.አ. በክላሪቬት ተገዛ። አሌፍና እርሱን የተካው አልማ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚሆኑ ናቸው፤ ለእኛ ክፍል ከአቅም በላይ ናቸው። ታሪኩን ያነሣሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። ለፊደሉ የሚያስብ ሕዝብ መሣሪያውን በፊደሉ ልክ ያሠራል። ኩባንያ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ዛሬ የተዋዋልነው ሰው ነገ ላይኖር ይችላል።

ከክፍቶቹ የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው ኤቨርግሪን ነው። በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በአንድነት የሚሠሩ ከ250 በላይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ያስጀመሩት ነው። ለብዙ ቅርንጫፎች ኅብረት የታሰበ ስለሆነ ለአንድ ክፍል ይከብዳል።

ሁለተኛው ኮሃ ነው። በኒው ዚላንድ ሆሮዌኑዋ በሚባል አውራጃ ያሉ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበት ፕሮግራም አርጅቶ ነበር፤ የ2000 እ.ኤ.አ. መግባትንም እንደማይሻገር ታወቀ። አዲስ ለመግዛት ከማውጣት ይልቅ ካቲፖ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ቀጥረው በ1999 አሠሩ። በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ። ከዚያም ከነአሠራሩ ለዓለም በነጻ ሰጡት። ኮሃ በማኦሪ ሕዝብ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ የተቀበለ ሰው በተራው የሚሰጥበት ስጦታ። እኛም ለሠርግና ለለቅሶ ቤት የምንወስደው ነገር እንዲሁ አይደለም ወይ? ዛሬ ኮሃ በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ በኢትዮጵያም የሚጠቀሙበት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በማርክና በዩኒኮድ ይሠራል። ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች ገጹን ያዞራል። ሀ እና ሐን በፍለጋ ጊዜ አንድ አድርጎ እንዲያይ የሚያዝ ደንብ ባለሙያ ሊጽፍለት ይችላል፤ ርእሱ ግን እንደታተመው ይቆያል። አንባቢ መጽሐፉን ከመለሰ በኋላም ማን ምን እንዳነበበ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ በሽታ፣ ስለ ፍቺ ወይም ስለ ዕዳ የሚያነብ ሰው ጉዳዩ የራሱ ነው።

ከእናንተ መካከል በአገር ቤት በቢሮ ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የሠራችሁ፣ ሲዲኤስ አይሲስ የሚባለውን ታስታውሱ ይሆናል። ዩኔስኮ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ያደለው ፕሮግራም ነው፤ በአፍሪካ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተርን የለመዱት በእርሱ ነው። ስለዚህ በነጻ የተሰጠ ሁሉ ርካሽ ሥራ ነው ብላችሁ አትናቁ።

ዋጋውንም በግልጽ እንነጋገር። ኮሃን ለመውሰድ አንድ ሰቅል አይከፈልም። ነገር ግን በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ይፈልጋል፤ የሚተክለው፣ የሚያድሰው፣ በየዕለቱም ቅጂ የሚያስቀምጥለት ሰው ይፈልጋል። «አንድ ጎበዝ ልጅ አለን፣ እርሱ ይሠራዋል» ማለት አያዋጣም። ጎበዙ ልጅ ለወታደርነት ሲሄድ ወይም ሲያገባ የይለፍ ቃሉንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ወይ ሁለት ሰው እናሠልጥን፣ ወይ ኮሃን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ ለሚያስተዳድር ድርጅት በዓመት እንክፈል። በዚህኛው መንገድ ድርጅቱ ቢዘጋም ፕሮግራሙ የማንም አይደለምና ዝርዝራችንን ይዘን ወደ ሌላ መሄድ እንችላለን።

አሳቤን ልናገር። በመጀመሪያ ወደ ዒሪያው ሲፍሪያ እንሂድ። በዚህ አገር ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ አለ። መጻሕፍታችን በከተማው ዝርዝር ውስጥ ቢገቡ፣ የእኛ ደራስያን በማንኛውም ሰፈር ላለ አንባቢ ይታያሉ። ያን ጊዜም ቢሆን አራቱን ጥያቄዎች እናቅርብ። ለእኛ ፊደል ቦታ የላቸውም ከተባለ፣ ኮሃን በሚያስተዳድር ድርጅት በኩል እንያዝ እላለሁ።

ከመፈረማችን በፊት ግን በዐሥር መጻሕፍት እንፈትን። በራሱ ስም የሚጠራ ደራሲ የጻፈው አንድ፤ በርእሱ «ፀሐይ» ያለበት አንድ፤ የኢትዮጵያ ዓመት ብቻ የታተመበት አንድ፤ አማርኛና ዕብራይስጥ ጎን ለጎን ያለበት አንድ፤ የትግርኛ አንድ፤ አይ ኤስ ቢ ኤን የሚባለው ቁጥር የሌለው የቀድሞ መጽሐፍ አንድ፤ በሁለት ቅጽ የተከፈለ አንድ፤ መጽሔት አንድ፤ የዘፈን ወይም የተረት ካሴት አንድ፤ ሽፋኑ የተቀደደና የደራሲው ስም የጠፋ አንድ። ሻጩ በፊታችን ያስገባቸው። ከእኛ አንዱ ደግሞ ሳይነገረው ይፈልጋቸው። በመጨረሻም ዐሥሩን በፋይል አውጥቶ ይስጠን፤ በሌላ ኮምፒዩተር ከፍተን ፊደሉ ፊደል መሆኑን እንይ። ይህን ፈተና ያለፈ ይመረጥ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ይህ እናንተን ምን ያገባችኋል? እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ኮምፒዩተሩን ያውቃሉ። ፊደሉን የሚያነቡ ግን ጥቂቶች ናቸው። ፊደሉ ያለው በእናንተ ዘንድ ነው። ትናንት የመጣች እናት ያንን የተቀደደ መጽሐፍ ገልጣ «ይህማ የእገሌ ነው፣ ትምህርት ቤት ሳለን አንብበነዋል» ልትል ትችላለች። ይህን የሚያውቅ ሻጭ የለም። በዚህ አገር ብዙ ነገር ከሌላ ሰው ስትጠይቁ ትውላላችሁ፤ በዚህ ሥራ ግን የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሻጮቹ ሲመጡ ቅሩ አትበሉ። በዕብራይስጥ መናገር ባይሆንላችሁ በአማርኛ ጠይቁ፤ እኛ እናስተረጉማለን። ከቤታችሁ ያመጣችሁት መጽሐፍ ካለ ለፈተናው አምጡ፤ በዕለቱ ይመለስላችኋል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መስጠት የምትችሉ፣ አንዱ የሚያነብ አንዱ የሚጽፍ ሆናችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ጥንድ ጥንድ ተመዝገቡ። ልጁ ቁልፉን ይምታ፤ አባቱ ስሙን ይንገረው። መዝገቡ ሲያልቅ ልጁ ፊደሉን፣ አባቱም ኮምፒዩተሩን ለምደው ያገኙታል።

ያ ሽማግሌ «ታዲያ ያ ሁሉ ስም የት ሄደ?» ብለው የጠየቁኝን አሁንም አልረሳሁትም። ሁለተኛ እንዳንጠየቅ አድርገን እንምረጥ።